በፈቃደኝነት በር መግባት
ወደ አማተር የመኪና እሽቅድድም ስለሚወስደው መንገድ፣ በሰቆጣ ከተማ ለሙያ ማኅበራችን አባላትና ለአውቶ መካኒክ ሠልጣኞች የተደረገ ንግግር

እንድናገር የተጋበዝኩት በተወለድኩባት ከተማ ነው። የዝግጅት ኮሚቴው የሰጠኝ ርእስ «ገንዘብም ስምም የሌለው ሰው ወደ አማተር የመኪና እሽቅድድም እንዴት ሊገባ ይችላል?» የሚል ነው። ይህንኑ ትናንት ለአንድ የከተማችን ሽማግሌ ባጫውታቸው ሣቅ ብለው፣ «ልጄ፣ በዋግ መንገድ ተጉዞ በደኅና ቤት መግባቱ ራሱ ውድድር አይደለምን?» አሉኝ። አባባላቸው ቀልድ ቢመስልም ከቁም ነገሩ ብዙ የራቀ አይደለም። ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

አስቀድሜ ስለ ነገሩ ምንነት ጥቂት ልበል። አማተር ማለት ኑሮውን በሌላ ሥራ እየመራ ስፖርቱን በፍቅር የሚከታተል ሰው ማለት ነው። የመኪና ውድድር ሲባል አብዛኞቻችን የሚታየን በቴሌቪዥን የምናየው፣ በብዙ ሚሊዮን ገንዘብ የሚሠራው መኪና ነው። ነገር ግን የስፖርቱ ሥር ያለው ከዚያ በጣም ዝቅ ባለ ስፍራ ነው። በገላጣ ሜዳ ላይ ምልክት ተተክሎ፣ አንድ አንድ መኪና በየተራ በሰዓት እየተለካ የሚጠማዘዝበት የችሎታ ውድድር አለ። ዳገት ብቻ የሚወጣበት ውድድር አለ። እንዲሁም መኪኖች በጥቂት ደቂቃ ልዩነት እየተነሡ ረጅም መንገድ የሚያቋርጡበት፣ ራሊ የሚባለው ውድድር አለ። በራሊ መኪና ውስጥ ሁለት ሰዎች ይቀመጣሉ፤ አንደኛው ነጂ ሲሆን ሁለተኛው ካርታና ማስታወሻ ይዞ የሚመጣውን ጠመዝማዛ አስቀድሞ የሚናገር መንገድ ነጋሪ ነው።

አገራችን ለመኪና እንግዳ አይደለችም። በ1900 ዓ.ም. ቤድ ቤንትሌይ የተባለው እንግሊዛዊ ከጂቡቲ ተነሥቶ ወራት የፈጀ ጉዞ አድርጎ ለዳግማዊ ምኒልክ አውቶሞቢል ይዞ አዲስ አበባ ደርሷል። በኋላም በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ ሀይላንድ ራሊ የሚባል ውድድር በደጋው መንገዶቻችን ላይ ይካሄድ ነበር። በጎረቤታችን በኬንያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1953 የእንግሊዝ ንግሥት ዘውድ የመጫን በዓል መታሰቢያ ሆኖ የተጀመረው የሳፋሪ ራሊ፣ በጭቃው፣ በአቧራውና በርቀቱ ብርታት በዓለም ዝነኛ ለመሆን በቅቷል። ከዓለም ሻምፒዮና ለብዙ ዓመታት ተለይቶ ቆይቶም እ.ኤ.አ. በ2021 ተመልሶ ገብቷል።

ከዚሁ ከሳፋሪ ታሪክ አንድ ሰው ልጥቀስ። ጆጊንደር ሲንግ ኬንያ ውስጥ ተወልዶ በመካኒክነት ያደገ ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1965 ሳፋሪን ያሸነፈው ቀደም ሲል በሌሎች እጅ ባገለገለ ቮልቮ ሲሆን፣ አጠገቡ ተቀምጦ መንገድ የነገረው የገዛ ወንድሙ ጃስዋንት ነበር። ከዚያም በ1974 እና በ1976 ደግሞ አሸንፏል። ይህ ሰው ወደ ውድድሩ የገባው በጋራዡ በር ነው። መፍቻ የጨበጠ እጅ፣ ያገለገለ መኪና፣ አብሮት የሚቀመጥ የሚያምነው ሰው፤ ሦስቱ በቁት። ዛሬ የምናገረውም ስለ እነዚህ ሦስት ነገሮች፣ በተለይም ስለ ሦስተኛው ነው።

ስለ ራሴ መናገር ባልወድም ያለ እሱ ነገሩ ግልጽ አይሆንም። በ1977 ዓ.ም. ረሀቡ ዋግን ባራቆተ ጊዜ እንደ ብዙው የአገሬ ሰው በእግሬ ኮረም ወረድኩ። የኮረም ሜዳ በዚያ ዓመት ምን ይመስል እንደ ነበር በዕድሜ የገፋችሁ ታውቁታላችሁ፤ በጥቅምት ወር ዓለም በቴሌቪዥን አይቶ የደነገጠውም ያንኑ ነው። ጉልበት የቀረኝ ወጣት ስለ ነበርኩ የእህል ጭነት በማውረድ አገለግል ጀመር። የሚከፈለኝ ነገር አልነበረም። ከቀን ወደ ቀን ግን አንድ የኤንትሬ ሾፌር ልብ አለኝ። አንድ ማለዳ ረዳቱ ታሞ ሲቀርበት፣ «አንተ ልጅ፣ ታኮ መጣል ታውቃለህ?» አለኝ። አላውቅም ነበር፤ ግን «አዎን፣ ጋሼ» አልኩት። እሱም አለማወቄን ዐውቆ ወሰደኝ።

የግራካሱን ዳገት የምታውቁ፣ ታኮ ምን ማለት እንደ ሆነ ይገባችኋል። ጭነት የያዘ መኪና ዳገቱ ላይ ጉልበት ሲያጣ ረዳቱ ወርዶ እንጨቱን ከኋላ ጎማ ሥር የሚያኖርበት ጊዜ ከሁለት ትንፋሽ አይበልጥም። ሦስት ወር ሙሉ መሪ አልነካሁም። ጎማ በመዶሻ እየመታሁ ድምፁን ማዳመጥ፣ ባሌስትራው መሰንጠቁን በጣት ዳስሶ ማወቅ፣ የራዲያተሩን ውሃ ማየት ነበር ሥራዬ። ከዚያ በኋላ ጋሼ በሜዳ ላይ መሪውን ለቀቀልኝ። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ያለ ክፍያ ማገልገል መተዋወቅን ወለደ፣ መተዋወቁ ሙያን ወለደ። በዚህች አገር አያሌ ሾፌር በዚሁ መንገድ አልፏል። ወደ አማተር ውድድር የሚወስደውም መንገድ ከዚህ የተለየ ሆኖ አላገኘሁትም።

ከዓመታት በኋላ አዲስ አበባ ውስጥ በጋራዥ ስሠራ ሳለሁ የስፖርቱን ወዳጆች ተዋወቅሁ። መኪና የለኝም፤ የምገዛበትም የለኝም። «ምን ልርዳችሁ?» ብዬ ጠየቅሁ። ይህን ጥያቄ የሚያቀርብ ሰው በየትም አገር ቢሆን በሩ አይዘጋበትም። ምክንያቱም አንድ ውድድር በነጂዎች ብቻ አይቆምም። ሰዓት ያዥ ያስፈልጋል። ባንዲራ ያዥ ያስፈልጋል። ፍሬኑን፣ መሪውን፣ ቀበቶውንና የራስ ቁሩን አስቀድሞ የሚመረምር ባለሙያ ያስፈልጋል። ሬዲዮ የሚያናግር፣ የመጀመሪያ ዕርዳታ የሚሰጥ፣ ተመልካቹን ከመንገድ የሚያርቅ፣ በመጨረሻም ገመድና ድንኳን የሚሰበስብ ሰው ያስፈልጋል። በሠለጠኑት አገሮች በሚደረጉት ታላላቅ ውድድሮች እንኳ በየጠመዝማዛው ባንዲራ ይዘው የሚቆሙት በብዛት ያለ ደመወዝ የሚያገለግሉ ሰዎች ናቸው።

ይህ አገልግሎት ትንሽ መስሎ የሚታየው ካለ ታሪክ ይመልከት። እ.ኤ.አ. በ1955 በፈረንሳይ አገር በለ ማን ውድድር አንድ መኪና ተመልካች ውስጥ ገብቶ ከ80 በላይ ሰዎች ሞቱ። ስዊዘርላንድ ከዚያ በኋላ በክብ ጎዳና የሚደረግ እሽቅድድምን እስከ መከልከል ደርሳለች። እ.ኤ.አ. በ1986 ደግሞ በፖርቱጋል ራሊ መኪና ከመንገዱ ዳር በተሰበሰበው ሕዝብ ላይ ወጥቶ 3 ተመልካቾችን ገደለ፤ በርካታዎችንም አቈሰለ። በዚያው ዓመት ሌላም አደጋ ስለ ተጨመረ እጅግ ኃይለኛ የነበሩት የዚያ ምድብ መኪኖች ከ1987 ጀምሮ ከዓለም ሻምፒዮና ታገዱ። በመንገድ ዳር የቆመው ሰው በእጁ የያዘው ጨርቅ አይደለም፤ የሰው ነፍስ ነው።

ይህን ስል በመጽሐፍ ካነበብኩት ብቻ አይደለም። አሁን የምነግራችሁን ለብዙ ዓመታት ለመናገር ዐፍሬበት ኖሬአለሁ።

በሁለተኛው ዓመት አገልግሎቴ፣ በአንድ የኮረኮንች መንገድ ውድድር ላይ ባንዲራ ይዤ ከአንድ ጠመዝማዛ ራስ ላይ ተመድቤ ነበር። ትእዛዙ አጭር ነው፤ የመዝጊያው መኪና እስኪያልፍ ድረስ ከስፍራህ ንቅንቅ አትበል። ከእኔ 200 ሜትር ያህል ርቆ በተተከለ ድንኳን ውስጥ ግን የማኅበሩ ትልልቅ ሰዎች ምሳ ይበሉ ነበር። ከእነሱ አንዱ ለወጣቶች የመኪና ወንበር ያሰጣል የሚባል ሰው ነበር። ሁለት መኪኖች ካለፉ በኋላ የቀረው ጊዜ ረጅም መሰለኝ። «ሰላምታ ሰጥቼ ልመለስ» ብዬ ባንዲራዬን ከድንጋይ ሥር አኑሬ ሄድኩ።

እጅ ነሥቼ ሐሳቤን ገና ስጀምር የሞተር ድምፅ ሰማሁ። ቀና ብዬ ሳይ አንድ ትንሽ ልጅ ሁለት አህዮች እየነዳ ከጠመዝማዛው መንገዱን ያቋርጣል። እኔ ሮጬ አልደርስም። ከጥጉ ቆመው ይመለከቱ የነበሩ አንድ ገበሬ ግን ጋቢያቸውን ገፈው እያውለበለቡ ወደ መንገዱ ገቡ፤ በሌላ እጃቸው ልጁን ጎትተው ጣሉት። ነጂው ነጩን ጋቢ አይቶ ፍሬን ያዘ፤ መኪናው ተሽከርክሮ ቦይ ውስጥ ገባ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሰው አልተጎዳም። የመኪናው የፊት እግር ግን ተሰበረ፤ ነጂው በዚያ ዓመት ዳግመኛ አልተወዳደረም።

ማንም እኔን አልጠረጠረም። «ልጁ ሾልኮ ገባ» ተባለና ታለፈ። ማታ ስንሰበሰብ ዝም ብል ኖሮ ነገሩ እዚያው ይቀር ነበር፤ ድንኳን ውስጥ ያነጋገርኩት ሰውም እንኳ ነገሬ ብሎ አላስታወሰኝም ነበር። ምራቄን ዋጥ አድርጌ ቆምኩና «በስፍራዬ አልነበርኩም» ብዬ ተናገርኩ። ለዓመት ባንዲራ እንዳልይዝ ተወሰነብኝ። ተገቢ ፍርድ ነበር። በዚያ ዓመት ድንኳን ተሸከምኩ፣ የሰዓት መዝገብ ገለበጥኩ፣ ጎማ ነፋሁ።

ዓመቱ ሲያልቅ መኪናው የተሰበረበት ሰው ራሱ ጋራዥ ድረስ መጣ። መንገድ ነጋሪው አገር ለቅቆ ስለ ሄደበት እኔ እንድቀመጥለት ጠየቀኝ። ተገርሜ ለምን እኔን እንደ መረጠ ብጠይቀው፣ «ማንም ሳያየው ጥፋቱን የነገረኝ ሰው፣ የጠመዝማዛውን ልክ አይዋሸኝም» አለኝ። ወደ ውድድር መኪና የገባሁት በዚህ ዓይነት ነው። ያንን የማኅበር ትልቅ ሰው በእጅ መንሣት ያላገኘሁትን፣ በደሌን በመናዘዝ ካበላሸሁበት ሰው አገኘሁት። እነዚያን ገበሬ ግን በስማቸው ጠይቄ እንኳ ሳላመሰግናቸው ቀርቻለሁ። ይህ እስከ ዛሬ ይቈጨኛል።

የተከበራችሁ ወገኖቼ፤

ከዚህ በመነሣት ስለ መተዋወቅ አንድ ነገር ልለይ እወዳለሁ። በአገራችን «ሰው አለኝ» የሚለው አነጋገር መልካም ስም የለውም። ሰው ያለው ይገባል፣ ሰው የሌለው ደጅ ይጠናል ይባላል። እውነትም ነው። ነገር ግን መተዋወቅ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ያልሠራኸውን እንደ ሠራህ አድርጎ የሚያስመዘግብልህ ነው። ሁለተኛው የሠራኸውን በዐይኑ ያየ ምስክር ነው። አማላጅና ምስክር በአንድ ስም ሲጠሩ ነው ነገሩ የሚበላሸው። በውድድር መኪና ውስጥ አማላጅ አይረዳም። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር እየበረርክ «ቀኝ፣ ጠባብ፣ ከ50 ሜትር በኋላ» የሚልህ ሰው በዘመድ የተቀመጠ ከሆነ የምትከፍለው በሕይወትህ ነው።

በቅርቡ የእኅቴ ልጅ ከዚሁ ከሰቆጣ ደውሎ፣ «አጎቴ፣ አንድ ቃል ብትናገርልኝ እኮ መኪና ላይ ያስቀምጡኛል» አለኝ። ልቤ ፈራ ተባ አለ። ልጁ ጎበዝ ነው፤ ደግሞም ሥጋዬ ነው። በመጨረሻ ወስጄ አስተዋወቅሁት፤ የተናገርኩት ቃል ግን «ይህ ልጅ ጎማ ይነፋል፣ ከስፍራው አይንቀሳቀስም፤ ካጠፋ አባርሩት» የሚል ብቻ ነበር። እናቱ ለጊዜው ተቀይማኛለች። እሱ ግን ዛሬ በሰዓት መዝገብ ላይ ተመድቦ እየሠራ ነው። ገና መሪ አልጨበጠም። ይጨብጥ አይጨብጥ እኔ ሳልሆን ሥራው ይወስናል።

ለችኩል ወጣት የራሊ ሕግ ራሱ ትምህርት አለው። በዓለም ሻምፒዮና ደንብ መሠረት ወደ መቆጣጠሪያ ጣቢያ የዘገየ መኪና ለእያንዳንዱ ደቂቃ 10 ሴኮንድ ሲቀጣ፣ ከተወሰነለት ሰዓት ቀድሞ የገባ ግን ለእያንዳንዱ ደቂቃ አንድ ሙሉ ደቂቃ ይቀጣል። ይኸውም ያለ ጊዜው መድረስ ከመዘግየት ስድስት እጥፍ ያስከፍላል ማለት ነው።

አሁን ሽማግሌው ወዳሉት ልመለስ። የዋግ ልጅ ለዚህ ስፖርት ባዶ እጁን አይደለም። ሰቆጣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ትገኛለች። እንደሚታወቀው ተጨማሪ የአየር ማመቂያ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትር ከፍታ ከጉልበቱ አንድ ዐሥረኛ ያህሉን ያጣል፤ አየሩ ሲሳሳ የሚቃጠለው ነዳጅም ያንሳልና። ውሃም በእኛ ከፍታ ገና 93 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይፈላል፤ ስለዚህ የራዲያተር ክዳን የላላበት መኪና ከባሕር ዳርቻው ይልቅ በዚህ ፈጥኖ ያፈላል። ከዚህ ደጋ ወደ ተከዜ በረሓ ሲወረድ ደግሞ ሌላ ፈተና አለ። ቁልቁለቱን በፍሬን ብቻ የሚወርድ ሰው ፍሬኑ ግሎ ይከዳዋል፤ በከባድ ማርሽ ሞተሩን ይዞ የሚወርድ ግን በሰላም ይደርሳል። ይህን በሌላ አገር ገንዘብ ከፍለው ይማሩታል። የደሃናና የዝቋላ መንገደኛ በየዕለቱ ኑሮው ያውቀዋል። ክረምት የወሰደውን መንገድ በድንጋዩ ቀለም ለይቶ መሻገር፣ የወንዝን ጥልቀት በእግር ገብቶ መለካት፣ ይህ ሁሉ የመንገድ ነጋሪ ዕውቀት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ተቃውሞ ሊነሣ እንደሚችል አውቃለሁ። «በ2007 ዓ.ም. ስሟ የሕፃናትን የምግብ እጥረት ለማጥፋት ለወጣው የቃል ኪዳን ሰነድ መጠሪያ በሆነችው ከተማ፣ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በነበረው ጦርነት የተፈናቀሉትን ባስተናገደችው ሰቆጣ፣ ስለ መኪና ጨዋታ ማውራት ቅንጦት አይደለምን?» የሚል። ይህን ጥያቄ አልሸሸውም። እኔ ራሴ የኮረም ልጅ ነኝ። መኪና ገዝታችሁ ተሽቀዳደሙ ብል ኖሮ ተቃውሞው በትክክል ይገባኝ ነበር። እኔ የምለው ግን ከበሩ እንጀምር ነው። ሰዓት በትክክል መያዝ፣ በሬዲዮ አጭርና ግልጽ ቃል መናገር፣ የተጎዳን ሰው ሳይሰብሩ ማንሣት፣ የመኪናን ደኅንነት ከመነሣቱ በፊት መመርመር፣ እነዚህ ሁሉ ለአምቡላንስና ለእህል ጫኝ መኪና የሚያስፈልጉ ሙያዎች ናቸው። ውድድር ባይኖርም ትርፉ ይኖራል። በየዓመቱ በሺህ የሚቆጠር ወገን በመንገድ አደጋ በሚሞትባት አገር ይህ ቅንጦት አይባልም።

ስለሆነም ለማኅበራችን ሦስት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ ለሠልጣኞች የመጀመሪያ ዕርዳታና የሰዓት አያያዝ ትምህርት ይሰጥ። ሁለተኛ፣ ከትራፊክ ፖሊስና ከከተማው አስተዳደር ፈቃድ ተገኝቶ፣ ሕዝብ በማይተላለፍበት በታጠረ ሜዳ ላይ፣ አንድ አንድ መኪና በዝግታ የሚፈተንበት የመንዳት ችሎታ ቀን ይዘጋጅ፤ በሕዝብ መንገድ ላይ የሚደረግ ሽቅድድም ግን ስፖርት ሳይሆን ወንጀል መሆኑ ከወዲሁ ይነገር። ሦስተኛ፣ በዚያን ቀን መሪ የሚይዘው ቢያንስ ሁለት ጊዜ ባንዲራ የያዘ ሰው ብቻ ይሁን። የባለ ሥልጣን ልጅም ቢሆን፣ የእኔ የእኅት ልጅም ቢሆን።

ሴቶች እኅቶቻችንም ከዚህ በር አይገለሉ። ፈረንሳዊቷ ሚሼል ሙቶን እ.ኤ.አ. በ1981 የሳንሬሞን ራሊ ስታሸንፍ መንገድ የነገረቻት ጣሊያናዊቷ ፋብሪዚያ ፖንስ ነበረች፤ ከዚያ በፊት የዓለም ሻምፒዮና ራሊ ያሸነፈች ሴት አልነበረችም። በሻደይ በዓል ከበሮዋን ይዛ ቡድኗን በሥርዓት የምትመራ የሰቆጣ ልጃገረድ ሰዓትና ባንዲራ ይከብዳታል ብዬ አላምንም።

ውድ ሠልጣኞች፤

ነገ ጠዋት «ከየት ልጀምር?» የሚለኝ ቢኖር መልሴ አጭር ነው። የሚሠሩ ሰዎች ወዳሉበት ሂድ፤ «ምን ልርዳችሁ?» በል፤ በተሰጠህ ስፍራ ቁም፤ የመዝጊያው መኪና እስኪያልፍ ድረስ ከዚያ አትንቀሳቀስ። ድንኳኑ ውስጥ ያሉት ሰዎች ስምህን ባያውቁ አትዘን። አህያ የሚነዳው ልጅ በደኅና መሻገሩ ይብቃህ።